የአዝማሪው ውለታና የሕዝብ ዜማ መጪ ዕድል

ሙዚቃ ከሰው ልጅ ሥራና ኑሮ ጋር አብሮ የተወለደ፣ አብሮም ያደገ ጥበብ ነው። የኢትዮጵያ ገበሬ በደቦና በወንፈል ሲያጭድ፣ በአውድማ ላይ እህሉን በበሬ ሲያበራይ፣ እናት ልጅዋን እሹሩሩ ስትል፣ እረኛ በመስክ ላይ ዋሽንቱን ሲነፋ፣ ዘማች በቀረርቶና በሽለላ ወኔውን ሲቀሰቅስ፣ ሙሾ አውራጅ በለቅሶ ላይ የሟቹን ገድል ስትዘረዝር፣ ዜማ የኑሮ ጌጥ ብቻ ሳይሆን የኑሮ መሣሪያ ሆኖ ኖሮአል። በዜማ ያልተመከረበት፣ ያልታዘነበትና ያልተዳኘበት የሕይወት ክፍል የለም ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ስለዚህ ሀብት ብዙ ተብሎአል። የሕዝብ ዜማ ቅርስ መሆኑ፣ ሊጠበቅና ሊጠና የሚገባው መሆኑ በየጉባኤው ተነግሮአል፤ በየመጽሔቱም ተጽፎአል። ይሁን እንጂ ዜማው ሲወሳ ዜማውን ከአባት ተቀብሎ ለልጅ ያሻገረው ሰው ማን እንደ ነበረ፣ በምን ይኖር እንደ ነበረ፣ ምን ዋጋ እንደ ከፈለ የሚጠየቀው እምብዛም ነው። ዜማ እንደ አክሱም ሐውልት ብቻውን ቆሞ ዘመናትን የሚሻገር ነገር አይደለም። በአንድ ሰው ጉሮሮና በአንድ ሰው ጣቶች ውስጥ ይኖራል፤ ያ ሰው ተተኪ ሳያፈራ ሲያልፍ አብሮት ያልፋል። እንግዲህ የሕዝብ ዜማ መጪ ዕድል የሚወሰነው ለዜመኛው በሚሰጠው ቦታ ነው። ይህንንም ለመረዳት የአዝማሪውን ታሪክ በአጭሩ መመልከት ይበቃል።

ስያሜውና ሙያው

አዝማሪ የሚለው ቃል «ዘመረ» ከሚለው የግእዝ ግስ የወጣ ነው። በቤተ መቅደስ የሚያገለግለው መዘምርም፣ የሚያቀርበው መዝሙርም ከዚያው ሥር የተገኙ ናቸው። ከአንድ ግንድ የበቀሉት እነዚህ ቅርንጫፎች ግን በኅብረተሰቡ ዘንድ እኩል ክብር አላገኙም። የመቅደሱ ዜመኛ የቅዱስ ያሬድ ወራሽ ተብሎ ሲከበር፣ የአደባባዩ ዜመኛ በሠርግና በግብር ላይ ተፈላጊ፣ በጋብቻና በማዕረግ ግን ተገፊ ሆኖ ኖሮአል። ስሙም ከሙያ መጠሪያነት አልፎ የስድብ ቃል እስከ መሆን ደርሶአል።

ይህ አመለካከት እስከ ትምህርት ቤት ዘልቆአል። ከበደ ሚካኤል «ታሪክና ምሳሌ» በተባለው መጽሐፋቸው ውስጥ ስለ አንድ አዝማሪና ስለ ውሃ ሙላት የጻፉት ግጥም ተማሪዎች በቃላቸው ካጠኑአቸው ግጥሞች አንዱ ነው። ወንዝ ሞልቶበት መሻገር የተሳነው አዝማሪ ያሳልፈው ዘንድ ወንዙን በዘፈን ሲያሞግስ፣ ወንዙ ግን ሳይሰማ ይፈሳል። ምሳሌው የማይሰማን መለመን ከንቱ መሆኑን ለማስተማር የተጻፈ ነው። በብዙ ተማሪ አእምሮ ውስጥ የቀረው ሥዕል ግን በከንቱ የሚደክም የሙገሳ ሰው ሥዕል ነው። ወንዙ ለምን ጆሮ አልነበረውም ብሎ የጠየቀ ተማሪ ጥቂት ነው።

የሙያው ጥልቀት ከስሙ ዝቅታ ጋር ሲነጻጸር ፍርዱ ምን ያህል የተዛባ እንደ ነበረ ይገለጣል። መሰንቆ ላይ ላዩን ሲያዩት ቀላል መሣሪያ ነው። ቆዳ የለበሰ ባለ አራት ማዕዘን ሣጥን፣ አንድ እጀታ፣ ከፈረስ ጭራ የተሠራ አንድ ክርና የፈረስ ጭራ የተወጠረበት ደጋን፣ ይህ ነው መሰንቆ። ክሩ በእጀታው ላይ ተጭኖ አይያዝም፤ ጣቶች ከጎኑ ይነኩታል እንጂ። ድምፁ የሚገኝበትን ስፍራ የሚያሳይ አንዳች ምልክት ስለሌለ ስፍራውን የሚያውቀው የተጫዋቹ ጆሮ ብቻ ነው። መሣሪያውም ከዘፋኙ ድምፅ ጋር እንዲስማማ ሆኖ ይቃኛል። እንግዲህ መሰንቆ ለሚጫወት ሰው ጆሮና ጉሮሮ፣ ጣትና አእምሮ በአንድነት የሚሠለጥኑበት ትምህርት ያስፈልገዋል ማለት ነው።

ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ ተብለው የሚታወቁት ባለ አምስት ድምፅ ቅኝቶች የሚገኙት በዚህ ትምህርት ነው። ባቲና አምባሰል ስማቸውን የወረሱት ከወሎ ቦታዎች ነው። አዝማሪው ትምህርቱን የሚቀበለው ከወረቀት አይደለም። በጎንደር አካባቢ እንደ ቡርቧክስ ባሉት የአዝማሪ መንደሮች ልጅ አባቱን ወይም አጎቱን ተከትሎ ከሠርግ ወደ ሠርግ፣ ከገበያ ወደ ገበያ እየሄደ፣ በመጀመሪያ እየሰማ፣ ቀጥሎ እየተቀበለ፣ በመጨረሻም ብቻውን እየተጫወተ ያድጋል። አዝማሪዎች ከሌላው ሰው ተሰውረው የሚነጋገሩበት የራሳቸው የሙያ ቋንቋ እንዳላቸውም የታወቀ ነው፤ የቋንቋ ሊቁ ቮልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1964 ዓ.ም. ባሳተመው ጥናት መዝግቦታል። የተናቀ የሙያ ማኅበር ራሱን የሚጠብቅበት ቅጥር ነበር ማለት ይቻላል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን አዝማሪ ገጣሚ ነው። ከአድማጮቹ አንዱ «ተቀበል» ብሎ ስንኝ ሲወረውርለት ወዲያውኑ ተቀብሎ በዜማው ውስጥ ያስገባዋል፤ የራሱንም ይጨምርበታል። ቤት የሚመታውን ቃል የሚያገኘው ደጋኑ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው እስኪደርስ ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ቃሉም ሰም ብቻ ሳይሆን ወርቅ እንዲኖረው ይጠበቅበታል። ኢትዮጵያዊው የሙዚቃ ሊቅ አሸናፊ ከበደ እ.ኤ.አ. በ1975 ዓ.ም. ስለ አዝማሪ ባቀረበው ጥናት ይህን ሰው ገጣሚና ሙዚቀኛ ሲል በአንድነት የጠራው ያለ ምክንያት አይደለም።

ሙገሳና እውነት

አዝማሪ በሙያው የሚኖር ሰው ነው። መሳፍንቱና መኳንንቱ በየአዳራሻቸው አዝማሪ ያኖሩ ነበር፤ አዝማሪውም ያጎረሰውን ያሞግስ ነበር። ይህን መካድ ታሪክን ማሳመር ይሆናል። በጦር ሜዳም ከጌታው ጎን ተሰልፎ የወገንን ወኔ ሲያነሣ የጠላትን ስም ያዋርድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1852 ዓ.ም. በጉር አምባ ደጃዝማች ጎሹና ኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ የተባሉት ካሣ በተዋጉ ጊዜ፣ የጎሹ አዝማሪ ካሣን በዘፈን እንደ ሰደበና ድሉ የካሣ ሲሆን ለቃሉ በሕይወቱ እንደ ከፈለ ሲተረክ ኖሮአል። ትረካው አንድ ነገር ያስረዳል። የአዝማሪ ቃል ነፋስ የሚበትነው ጨዋታ አልነበረም፤ የሚያስገድል ክብደት ነበረው።

እንግዲህ ቅን ዘፋኝ የሚባለው ማን ነው? ሽልማት ያልተቀበለ ሁሉ ቅን፣ የተቀበለ ሁሉ አስመሳይ ነው ማለት አይቻልም። በዚህ መለኪያ ቢሄዱ ከአዝማሪዎች አንድም አይተርፍም፤ ሥራ ደመወዝ መጠየቁም ነውር አይደለም። ቅንነቱ የሚለካው በሌላ ነገር ነው። የመጀመሪያው፣ የሚዘፍነው አድማጩ በእውነት የሚኖረውን ኑሮ መሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ በሙገሳው መካከል ተሞጋሹ መስማት የማይወደውን ቃል ለማሳለፍ መድፈሩ ነው። የግብር ክብደት፣ የዳኛ አድልዎ፣ የጌታ ንፉግነት በአደባባይ ሊነገር በማይችልበት ዘመን በሰሙ ተሸፍኖ በወርቁ የተነገረው በዚህ ድፍረት ነው። ተሞጋሹ ሰሙን ሰምቶ ሲስቅ ታዳሚው ወርቁን ሰምቶ ይስቅ ነበር። ሦስተኛው ደግሞ፣ የተቀበለውን ዜማ ሳያረክስ፣ ነገር ግን እንደ ደረቅ ቅርስ ሳይቆጥር፣ የዘመኑን ነገር እየጨመረ ማስተላለፉ ነው።

ይህ ቅንነት የአዝማሪው ብቻ ሀብት አይደለም። ላሊበላ ወይም ሀሚና የሚባሉት ዜመኞች ገና ጎሕ ሳይቀድ ከየደጃፉ ቆመው ሲያዜሙ፣ ዝማሬውን ያቋረጠ በሥጋ ደዌ ይያዛል የሚለውን እምነት ተሸክመው ነው። በኦሮሞ ሕዝብ ዘንድ ጌራርሳ የጀግናውን ሥራ ብቻ ሳይሆን የተበደለውንም ሰው ብሶት ያሰማል። በትግራይ ጭራ ዋጣ ከሠርግና ከበዓል አይለይም። የጋሞዎቹ ዶርዜዎች ደግሞ የተለያዩ ድምፆችን በአንድ ጊዜ እያሰናሰሉ የሚያዜሙበት ጥበብ፣ አንድ ሰው ብቻውን ሊዘፍነው የማይችል የማኅበር ዜማ ነው። በእነዚህ ሁሉ ውስጥ ዘፋኙ ለአድማጩ የሚናገር ብቻ ሳይሆን ስለ አድማጩ የሚናገር ሰው ነው።

በወራሪው ፊት

የሕዝብ ዜመኛን ዋጋ ከወገን ይልቅ በሚገባ የተረዳው ጠላት ነው ቢባል ያሳዝን ይሆናል፤ ነገር ግን ታሪክ ይመሰክረዋል። ፋሺስት ኢጣሊያ በ1928 ዓ.ም. ኢትዮጵያን ከወረረ በኋላ አገሪቱ በጦር ኃይል የተያዘች ብትመስልም በቃል አልተያዘችም ነበር። ዘመናዊ የዜና ማሰራጫ ባልነበረበት ገጠር ወሬን ከአውራጃ ወደ አውራጃ የሚያደርሰው፣ የአርበኛውን ስም የሚያነሣው፣ የባንዳውን ስም የሚያዋርደው ተዘዋዋሪው ዜመኛ ነበር።

የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በግራዚያኒ ላይ የተደረገውን የግድያ ሙከራ ተከትሎ በከተማው ሕዝብ ላይ የደረሰው ፍጅት የታወቀ ነው። ከዚያ በኋላ በመጋቢት ወር ግራዚያኒ ወደ ሮማ በላከው ቴሌግራም ስለ ሌላ እርምጃ አስታውቆአል። በአዲስ አበባና በአካባቢው ያሉት ተረት ተራኪዎችና ዜመኞች፣ ጠንቋዮችና ትንቢት ተናጋሪዎች የአገዛዙን መውደቂያ እየተናገሩ ሕዝቡን ያነሣሣሉ በማለት ተይዘው እንዲረሸኑ ማዘዙንና እስከዚያው ዕለት ድረስ 70 ሰዎች መገደላቸውን አመልክቶአል። የጦር አውሮፕላንና የመርዝ ጋዝ የነበረው ኃይል መሣሪያ ያልያዙትን የቃል ሰዎች ፈርቶ ነበር ማለት ነው።

ይሁንና የእነዚያ 70 ሰዎች ስም በቴሌግራሙ ላይ አልተጻፈም። ስለ አርበኞች ብዙ መጻሕፍት ሲጻፉ፣ ለሰማዕታት ሐውልት ሲቆም፣ በዜማቸው ምክንያት የተገደሉት በስም ተለይተው አልተዘከሩም። ገዳዩ ቁጥራቸውን መዘገበ፤ ወገን ዜማቸውን አስታወሰ፤ ሰዎቹ ግን በሁለቱም ዘንድ ስም አላገኙም። በሕዝብ ዘፋኝ ላይ የደረሰው በደል በዚህ ውስጥ ተጠቃሎ ይገኛል።

ከአዳራሽ ወደ መድረክ

የኢትዮጵያ ዜማ ለመጀመሪያ ጊዜ በሸክላ የተቀረጸው እ.ኤ.አ. በ1908 ዓ.ም. በበርሊን ነው። ዘፋኙ በዐፄ ምኒልክ ወደ ጀርመን የተላኩት፣ በኋላ ነጋድራስ የተባሉት ተሰማ እሸቴ ነበሩ። ቅጂዎቹ ከመቶ ዓመት በኋላ እንደገና ታትመው ለአድማጭ ቀርበዋል። ተሰማ በቅኔያቸውና በጨዋታ አዋቂነታቸው የታወቁ፣ ከቤተ መንግሥቱ ጋር የቀረበ ግንኙነት የነበራቸው ሰው ስለ ነበሩ ስማቸው ከድምፃቸው ጋር ተጠብቆአል። ከእርሳቸው በፊትና በእርሳቸው ዘመን በየመንደሩ የነበሩት አያሌ አዝማሪዎች ግን ይህ ዕድል አልገጠማቸውም።

በ1927 ዓ.ም. የኢጣሊያ ወረራ በተቃረበበት ወቅት በመኰንን ሀብተ ወልድ መሪነት የተቋቋመው የኢትዮጵያ ሀገር ፍቅር ማኅበር የሕዝብን ወኔ ለመቀስቀስ ዜመኞችን በመድረክ ላይ አሰልፎአል። ከነፃነት በኋላም የሀገር ፍቅር ቴአትር፣ ቀጥሎም በ1948 ዓ.ም. የተከፈተው የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር ለባህል መሣሪያዎች ቋሚ መድረክ ሆኑ። በዚህ ዘመን ካሣ ተሰማ በክራሩ፣ ጌታመሳይ አበበ በመሰንቆው፣ ሜሪ አርምዴ በክራርዋ ስም አገኙ። በመድረክ ተዋናይነትዋና በክራር ደርዳሪነትዋ የታወቀችው አስናቀች ወርቁ በ2004 ዓ.ም. መጀመሪያ እስካረፈችበት ጊዜ ድረስ ሴት ዜመኛ በአደባባይ ልትከበር እንደምትችል በሕይወትዋ አሳይታለች። በዚያን ጊዜ ሴት ልጅ ክራር ይዛ መድረክ ላይ መውጣትዋ ምን ያህል ስድብ ያስከትል እንደ ነበር የሚያውቅ የዚህን ክብደት ይረዳዋል።

እ.ኤ.አ. በ1963 ዓ.ም. በትውልዱ ግብፃዊ የሆነው የሙዚቃ ደራሲ ሐሊም ኤል ዳብ በቀድሞው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ያቋቋመው ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ ሌላ እርምጃ ነበር። ከየብሔረሰቡ የመጡ መሣሪያዎች፣ ቀድሞ ለየብቻ ይሰሙ የነበሩት መሰንቆ፣ ክራር፣ በገና፣ ዋሽንትና ከበሮ፣ በአንድ መድረክ ላይ ተሰበሰቡ። በኋላ ቡድኑን የመራው ተስፋዬ ለማ የተለያዩ አካባቢዎችን ዜማዎች ለዚህ ኅብረት እንዲስማሙ አድርጎ አዘጋጅቶአል። ቡድኑ እ.ኤ.አ. በ1969 ዓ.ም. በአሜሪካ ተዘዋውሮ አሳይቶአል። ከአባላቱ አንዱ የነበረው አሜሪካዊው ቻርልስ ሰተን መሰንቆ የተማረው ከጌታመሳይ አበበ ነው። አገር ቤት ያለው ወጣት መሰንቆ ይዞ መታየትን በሚያፍርበት ዘመን ባሕር ማዶ የመጣ እንግዳ ከመሰንቆ መምህር እግር ሥር መቀመጡ ሊታሰብበት የሚገባ ነገር ነበር።

መድረኩ ያመጣው ጥቅም ትልቅ ነው። አዝማሪው ደመወዝ አገኘ፤ አርቲስት ተባለ፤ ስሙ በማስታወቂያ ላይ ተጻፈ። ነገር ግን የከፈለውም ዋጋ አለ። ሌሊቱን ሙሉ ይፈስ የነበረው ጨዋታ በጥቂት ደቂቃዎች ተወሰነ፤ በሸክላ ሲቀረጽም አንዱ ገጽ ከሚይዘው በላይ ሊሄድ አልቻለም። «ተቀበል» የሚለው አድማጭ በጨለማ አዳራሽ ውስጥ ዝም ብሎ የሚቀመጥ ተመልካች ሆነ። በቅጽበት ይፈጠር የነበረው ግጥም አስቀድሞ ተጽፎ፣ ተመርምሮ፣ ተጠንቶ የሚቀርብ ሆነ።

ከሁሉ የከፋው ግን ዜማው ሲመዘገብ «ግጥምና ዜማ የሕዝብ» የሚለው መግለጫ ልማድ መሆኑ ነው። ይህ አነጋገር ለሕዝብ ክብር የሚሰጥ ይመስላል፤ በሥራ ላይ ሲውል ግን የሠሪውን ስም የሚሸፍን መጋረጃ ሆኖአል። ሕዝብ በጠቅላላው አይዘፍንም። የሚዘፍነው የአንድ አገር ልጅ፣ የአንድ ቤተሰብ ተወላጅ የሆነ፣ ስም ያለው ሰው ነው። ዜማው ከእርሱ በፊት የነበረ ቢሆንም እንኳ ዛሬ በተሰማበት መልክ የቀረጸው እርሱ ነው። ቀራጩና አሳታሚው በስማቸው ሲጠሩ እርሱ ብቻ «ሕዝብ» ተብሎ ቀረ።

የኪነት ቡድኖች ዘመን

ከ1966 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ በኋላ በየቀበሌው፣ በየፋብሪካውና በየክፍለ ሀገሩ የኪነት ቡድኖች ተቋቋሙ። የወሎው ላሊበላ፣ የጎንደሩ ፋሲለደስና የጎጃሙ ግሽ ዓባይ የኪነት ቡድኖች ከፍ ያለ ዝና ካተረፉት መካከል ናቸው። በላሊበላ ቡድን ውስጥ የታወቀችው ማሪቱ ለገሠ የወሎን ቅኝቶች በመላ አገሪቱ አሰምታለች። የየአካባቢው ዘፈንና ጭፈራ በብሔራዊ መድረክ እኩል ይታይ ዘንድ የተደረገው ጥረት፣ ለብዙ ወጣቶች የተከፈተው የሥልጠና በርና ባህላዊ ዘፈን የሚያሳፍር ነገር መሆኑ መቅረቱ የዚያ ዘመን ፍሬዎች ናቸው።

በአንጻሩ ግን ግጥሙ ከመቅረቡ በፊት በሳንሱር ያልፍ ነበር፤ ብዙውም በትእዛዝ ይጻፍ ነበር። የሰዓት እላፊ ገደቡ የሌሊት ጨዋታን ስለ ዘጋ አዝማሪው ዋነኛ መድረኩን አጣ። በያሬድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ዓለሙ አጋ ያስተምር የነበረው የበገና ትምህርት ከመንፈሳዊ ይዘቱ የተነሣ ተቋረጠ፤ በገናም ከሬድዮ ራቀ። ቀድሞ ለመስፍኑ ሙገሳ እንዲያቀርብ ይጠበቅበት የነበረው ዜመኛ አሁን ለመፈክር ዜማ እንዲያበጅ ተጠየቀ። ጌታው ተለወጠ እንጂ የሙገሳው ግዴታ አልተለወጠም። እንዲህም ሆኖ ስለ ፍቅር፣ ስለ ናፍቆትና ስለ ስደት በሚዘፈነው ትዝታ ውስጥ ወርቁን የሚፈልግ አድማጭ ወርቁን ማግኘቱን አልተወም። የሕዝብ ዜማ በየዘመኑ የሚተርፈው በዚህ ዓይነት ነው።

ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ

የሰዓት እላፊው ሲነሣ አዝማሪው ተመለሰ። በአዲስ አበባ፣ በተለይም በካዛንቺስ፣ የአዝማሪ ቤቶች ተከፍተው መሰንቆ ተጫዋቹና ሴት ዘፋኝዋ እንደ ጥንቱ ከአድማጭ ጋር ፊት ለፊት ተገናኙ። ተቀበል ባዩም ድምፁን መልሶ አገኘ። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ እ.ኤ.አ. ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ «ኢትዮፒክ» በሚል ርእስ ባሳተማቸው ተከታታይ ቅጂዎች ውስጥ ሁለተኛውን ለእነዚሁ የከተማ አዝማሪዎች ሰጥቶአል። ዓለሙ አጋና አስናቀች ወርቁም በዚያው ተከታታይ የየራሳቸው ክፍል አግኝተዋል። በካዛንቺስ ከአዝማሪ ቤትነት ተነሥቶ ወደ ባህል ማዕከልነት ያደገው ፈንድቃ ደግሞ ይህ ሙያ ከዘመኑ ወጣትና ከውጭ አገር አድማጭ ጋር ሊገናኝ እንደሚችል ያረጋገጠ ምሳሌ ሆኖአል።

ነገር ግን ይህም መድረክ ጽኑ አይደለም። በ2017 ዓ.ም. የካዛንቺስ ነባር ሰፈር ሰፊ ክፍል ሲፈርስ የአዝማሪ ቤት የሚቆመው በጎረቤቱ እንደ ሆነ በግልጽ ታይቶአል። ሕንፃን በሌላ ቦታ መሥራት ይቻላል፤ ስም በስም የሚተዋወቁትን አድማጮች ግን እንደ ጡብ አንሥቶ መትከል አይቻልም። በሌላ በኩል በየሠርጉ ኪቦርድ የመሰንቆውንና የከበሮውን ቦታ ይዞአል። ከበሮ መቺውን፣ ክራር ደርዳሪውንና ዋሽንት ነፊውን አንድ ሰው በአንድ መሣሪያ ሲተካ ወጪው ይቀንሳል፤ ሦስት ሙያተኞችም ቤታቸው ይቀመጣሉ። የባህል ምግብ ቤቶች በበኩላቸው የተለያዩ ብሔረሰቦችን ጭፈራ በአንድ ምሽት በልብስ ለውጥ ብቻ ሲያሳዩ ቱሪስቱ ይደሰታል፤ የዜማው ባለቤት የሆነው መንደር ግን ከዚህ የሚደርሰው ነገር የለም።

መጪው ዕድል

የሕዝብ ዜማ እየሞተ ነው የሚለው ኀዘንተኛ አነጋገር አዲስ አይደለም። ሬድዮ ሲገባ ተብሎአል፤ ካሴት ሲመጣም ተብሎአል። እውነቱ ግን ዜማው በየጊዜው መኖሪያውን ሲለውጥ መኖሩ ነው። ጌታቸው መኩርያ ሽለላን ወደ ሳክስፎን ባሻገረ ጊዜ ሽለላው አልሞተም፤ ሌላ ጉሮሮ አገኘ እንጂ። ስለዚህ አሳሳቢው የመሣሪያ መለወጥ አይደለም። አሳሳቢው ዜማውን ከነምስጢሩ የሚያውቀው ሰው በድህነትና በንቀት ምክንያት ልጁን ወደ ሌላ ሥራ መላኩ ነው። አባቱ በሙያው ሲሰደብ የሰማ ልጅ መሰንቆውን አይወርስም።

እንግዲህ መደረግ ያለበት ምንድር ነው? በመጀመሪያ፣ ስም መመዝገብ አለበት። አንድ ዜማ ሲቀረጽ የዘፋኙ ስም፣ የተወለደበት ቦታ፣ ከማን እንደ ተማረና የተቀረጸበት ቀን አብሮ ሊጻፍ ይገባል። ይህ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ሥራ አይደለም፤ አንድ መምህር ከተማሪዎቹ ጋር በወረዳው ውስጥ ሊጀምረው የሚችል ነው። «የሕዝብ» የሚለው ቃል የዜማውን ምንጭ ይንገር እንጂ የዘፋኙን ስም አይተካ።

በሁለተኛ ደረጃ፣ ድርሻው ሊደርሰው ይገባል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለሥራ አመንጪ ብቻ ሳይሆን ለከዋኝም መብት ሰጥቶአል። ሕጉ ግን መብቱን ለሚያውቅና ለሚጠይቅ ነው የሚሠራው። በገጠር ያለ አዝማሪ ድምፁ በስልክ ተቀርጾ በኢንተርኔት ሲሰራጭ ምን ሊጠይቅ እንደሚችል የሚነግረው ሰው ያስፈልገዋል። የባህል ማኅበራትና የባህል ቢሮዎች ከበዓል ዝግጅት ባሻገር ሊሠሩት የሚገባ ተግባር ይህ ነው።

በሦስተኛ ደረጃ፣ ሙያው ከነመምህሩ ወደ ትምህርት ቤት ሊገባ ይገባል። በያሬድ ትምህርት ቤት መሰንቆ፣ ክራርና ዋሽንት መሰጠታቸው የሚያስመሰግን ነው። ይሁን እንጂ ዲፕሎማ የሌለው፣ ነገር ግን ከአያቱ ጀምሮ የተላለፈለትን ሀብት የያዘ አዝማሪ በመምህርነት ደረጃ የሚጠራበት ሥርዓት ካልተበጀ ተማሪው ጣቱን ያሠለጥናል እንጂ «ተቀበል» ሲሉት የሚመልሰው ቃል አይኖረውም። ግጥም በቅጽበት መፍጠርን የሚያስተምር መጽሐፍ የለም፤ የሚያስተምረው ሰው ነው።

በመጨረሻም፣ ለዜመኛው የመናገር ነፃነት ሊጠበቅለት ይገባል። ከዚህ በላይ የታየው ታሪክ የሚያስተምረው ይህን ነው። መስፍኑ ሙገሳ ፈለገ፤ ወራሪው ዝምታ ፈለገ፤ ሳንሱር መፈክር ፈለገ፤ ገበያው ደግሞ ጭፈራ ብቻ ይፈልጋል። ለእነዚህ ሁሉ ያልተመቸ አንድ ቃል በስንኙ ውስጥ የሚያስቀር ዘፋኝ ግን በየዘመኑ ነበረ፤ ዛሬም አለ። ቅርስ ተብሎ እንዲመዘገብ የሚፈለገው ዜማ ያን አንድ ቃል ከተነጠቀ የሚቀረው ቅኝቱ ብቻ ነው። ኢትዮጵያ መስቀልን፣ ፍቼ ጫምባላላን፣ የገዳን ሥርዓትና ጥምቀትን በዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስመዝግባለች። በዓላቱን በዓል ያደረጉትም ዜመኞቹ ናቸው።

በየወረዳው በየሠርጉ የሚጫወት፣ ስሙን ጎረቤቱ ብቻ የሚያውቀው አንድ ሽማግሌ መሰንቆ ተጫዋች አይጠፋም። የባህል ባለሙያው፣ መምህሩና ከያኒው ሥራቸውን ከእርሱ ሊጀምሩ ይችላሉ፤ ስሙን በመጠየቅ፣ ዜማውን ከማን እንደ ተቀበለ በመጻፍ፣ የሚገባውን በመክፈል፣ ልጆቻቸውንም ከእርሱ ዘንድ በመላክ። የሕዝብ ዜማ መጪ ዕድል በጉባኤ አዳራሽ ሳይሆን በዚያ ሽማግሌና ከጎኑ ተቀምጦ ጣቶቹን በሚመለከተው ልጅ መካከል ይገኛል።